ለማንም ክፍት የሆነ መዝገብ

ከቅዳሴ ስንወጣ ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል። «እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? ልጅቷ ትምህርቷን እንዴት ያዘችው? ሥራ እንዴት ነው?» እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ያን የበረዶ ወራት ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ስለ ወንድ ልጄ የሚጠይቀኝ ጠፋ።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲገናኝ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይጠያየቃል። ማንም አይዘለልም። የሚዘለለው የሞተ ብቻ ነው።

የምንኖረው ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል የስደተኛ ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ነበር። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። ባሌ ሱዳን ቀርቷል፤ መቃብሩ እዚያ ነው። ሁለት ልጆች ይዤ መጣሁ። እግዚአብሔር ከዚያ በረሃ አውጥቶ፣ በር ያለው ሞቃት ቤትና ደመወዝ ሰጠን። ይህን ሳላስቀድም ሌላውን መጻፍ አልፈልግም።

ልጄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ትምህርቱን ተወ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች ቤት ድረስ አመጡት። ከሱቅ ዕቃ ከሰረቁ ልጆች ጋር ቆሞ ተገኝቷል። እሱን አልከሰሱትም፤ መክረውት ሄዱ። እኔ ግን የፊት ለፊቷ ጎረቤት በሯን ገርበብ አድርጋ ስታይ አየኋት። አፈርኩ። በእፍረቴ ላይ ተናገርኩ።

«ከዚህ በር ስትወጣ ልጄ አይደለህም።»

ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ክፍል እንደ ተከራየ እኅቱ ነገረችኝ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውልላት ነበር። ስልኩን እኔ ካነሣሁት ይዘጋዋል። እኔም እየዘጋው መሆኑን እያወቅሁ ቶሎ ብዬ አነሣ ነበር፤ ትንፋሹን ለመስማት። ከዚያ ለእኔ መዝጋቱም ቀረ። ሰባት ወር ሆነ።

ከሰዎቹ አንዱን፣ በማኅበራችን በዕድሜ ትልቁንና ቀልደኛውን ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ስለ ልጄ የሰሙት ነገር አለ?»

«ምን እሰማለሁ የኔ እኅት? ጎረምሳ ነው። በረዶው ሲቀልጥ እንደ ዝይዎቹ ይመለሳል።»

«ይማሉልኝ።»

«በጾም ምድር ምን ያስምለኛል?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ግን የሚያዩት ጫማቸውን ነበር።

ልማዱን አውቀዋለሁ። መርዶ እንደ ደረሰ አይነገርም። ያወቁት ይመካከራሉ፣ ቀን ይመርጣሉ፣ ሰው ያዘጋጃሉ። እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ ይብላ፣ ይተኛ ይባላል። እኔም አድርጌዋለሁ። የማኅበርተኛችን ወንድም አገር ቤት ሲሞት ሁለት ወር ደበቅናት፤ በየእሑዱ እያቀፍናት። ያኔ ፍቅር መስሎ ነበር የታየኝ። ፍቅርም ነበር። አሁን ተራው የእኔ እንደ ሆነ ገባኝ፤ ምን እንደ ደበቁኝ ግን አላወቅሁም። ሞቶ ከሆነ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ላልቅስ። ታስሮ ከሆነ ልሂድለት። ከወገኖቼ የሚነግረኝ ካጣሁ ከመንግሥት ልጠይቅ አልኩ።

መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ሰው ትሑት ነበር።

«ልጅዎ ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሃያ።»

«እንግዲያው ያለ እሱ ፈቃድ መዝገብ አለውም የለውምም ማለት አልችልም።»

«እናቱ ነኝ።»

«ይገባኛል። ግን አልችልም።»

አመስግኜው ወጣሁ። እዚያው ፌርማታው ላይ ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ።

በሰፈራችን ለድሃ በነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ነበር። አንዲት ወጣት ጠበቃ አነጋገረችኝ። ቀስ ብላ፣ እየጻፈች አስረዳችኝ። መዝገቡ ሁለት ነው አለች። ፖሊስ ዘንድ ያለው የሰውዬው የራሱ ነው፤ እሱ ካልፈረመ፣ አሻራውን ካልሰጠ አይወጣም። ፍርድ ቤት ያለው ግን ሌላ ነው። ችሎት በግልጥ ይቀመጣል፤ በችሎት የተባለው የሚጻፍበት መዝገብም ክፍት ነው። የሕፃናት ጉዳይና ዳኛ የዘጋው ካልሆነ በቀር ሄዶ ለጠየቀ ይታያል።

«ታዲያ የት ነው የምጠይቀው?»

«ችግሩ እሱ ነው። ለከተማው በሙሉ አንድ ቦታ የለም። የመሐል ከተማው ለብቻው፣ የምሥራቁ ለብቻው፣ የሰሜኑም የምዕራቡም ለብቻቸው ናቸው። የተከሰሰበትን ማወቅ አለብዎት። ልጁ የት ነበር የሚኖረው?»

«ሬክስዴል።»

«እንግዲያው ከምዕራቡ ይጀምሩ። ሙሉ ስሙንና የተወለደበትን ቀን ጽፈው ይያዙ።»

«እናቱ መሆኔን የሚያሳይ ወረቀትስ?»

«አያስፈልግም። ማንም ሰው ማየት ይችላል።»

«ማንም?»

«ማንም» አለች።

ማታ ለሴት ልጄ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋት። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንግሊዝኛ የምትጽፍልኝ እሷ ናት። ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፣ የወንድምሽን ስምና የልደት ቀን ጻፊልኝ አልኳት። ስሙን ጻፈች። ከዚያ ቀና አለች።

«ቀኑን የቱን ልጻፍ ማሚ?»

ይህ ጥያቄ ማብራሪያ ይፈልጋል። ልጄ የተወለደው በኅዳር ሚካኤል ነው፤ ቤታችን ሆኜ ከደብሩ የሚወጣው ታቦት እልልታ እየተሰማኝ ነው የተገላገልኩት። በስደተኞች ሰፈር ወረቀታችንን የሞላው ጸሐፊ ግን የልደት ማስረጃ ለሌለው ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጻፈ። እኔም፣ ልጆቼም፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያናችን በአንድ ቀን ተወለድን። ጃንዋሪ አንድ ሲመጣ ወጣቶቹ «ሃፒ በርዝደይ ለሁላችን! ኬኩ የማን ቤት ነው?» እየተባባሉ ይቀልዳሉ።

እኔን ግን ይከነክነኝ ነበር። ከዓመታት በፊት ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ።

«አባ፣ ሐሰት በሆነ ቀን ነው የምንኖረው።»

«አንቺ አልጻፍሽውም ልጄ» አሉኝ። «ከእንግዲህ ስትጠየቂ ግን እውነቱን ተናገሪ።»

ፍርድ ቤት የሕግ ቤት ነው። በሕግ ቤት ሐሰት አልናገርም አልኩ።

«እውነተኛውን ጻፊ» አልኳት።

ዓይኔን አየችና ኅዳር አሥራ ሁለትን ወደ ፈረንጅ ቀን ለውጣ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት ጻፈችልኝ።

በማግሥቱ የማታ ፈረቃዬ ስለ ነበር በጠዋት ሄድኩ። አውቶቡስ፣ ባቡር፣ ደግሞ አውቶቡስ። ፍርድ ቤቱ ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ትምህርት ቤት ይመስላል። በር ላይ ቦርሳዬን ፈተሹ። የወንጀል መዝገብ የሚጠየቅበት መስኮት የት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ተራ ቁጥር ያዝኩና ተቀመጥኩ። ከእኔ ቀድሞ መስኮቱ ላይ የደረሰው ወጣት ጠበቃ መሰለኝ፣ እየተጣደፈ አሥር መዝገብ ሲያዝዝ ሰማሁ፤ ሽንኩርት እንደሚገዛ ሰው።

በመስታወቱ ወዲያ ያለችው ጸሐፊ ወረቀቴን ተቀብላ ኮምፒዩተሯ ላይ መታች።

«በዚህ ስም አንድ አለ» አለች። «የትውልድ ቀኑ ግን የተለየ ነው።»

«የተለየ ነው?»

«አይገጥምም። እርስዎ የሚፈልጉት ሰው አይመስለኝም።»

የተለየው ቀን ስንት ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ይህን ስንት ጊዜ ለራሴ አቅልዬ ለመናገር ሞክሬያለሁ፤ እንግሊዝኛዬ አነስተኛ ነው፣ ቸኩዬ ነበር፣ ሰው ከኋላዬ ቆሟል እያልኩ። እውነቱ ግን የምፈልገውን ሰምቼ ነበር። ተጨማሪ መስማት አልፈለግሁም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩና እስከ ወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰገድኩላት። ደንግጣ ከወንበሯ ብድግ አለች።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ስመለስ አለቀስኩ። የደስታ ነው። የልጄ ስም በወንጀለኛ መዝገብ የለም። ከኩራቱ የተነሣ ነው የማይደውለው። ኩራት ይበርዳል። ከዚያ ደግሞ ያ ሌላው ልጅ ታሰበኝ፤ በልጄ ስም የሚጠራው፣ መዝገቡ ውስጥ ያለው። እሱም ከእኛው አገር ሳይሆን አይቀርም። እናቱ ታውቅ ይሆን አልኩ። አዘንኩላት።

ተስዬ ነበርና ለእመቤታችን ዝክር አወጣሁ። ሃያ አንድ የሥራ ቀን ላይ ስለ ዋለ እሑዱን አደረግነው። በሁለት ሳምንቱ ገደማ መሆኑ ነው። ምድጃችን ጠባብ ስለ ሆነች ዳቦውን በሦስት ጊዜ ጋገርኩት። ማኅበርተኛው ሁሉ መጣ፤ ጋሼ መጡ፣ ንስሐ አባቴ መጡ፣ ሳሎኑ ጠበበ፣ ጫማው እስከ አሳንሰሩ ተሰለፈ።

«ይህ ዳቦ ነው ወይስ የፈረንጅ ትራስ?» አሉ ጋሼ።

«ትራስ ከሆነ ይደገፉት፣ አይብሉት!» አለቻቸው አንዷ።

«እሱማ መጀመሪያ ቀምሼ ነው የማውቀው።»

ሁሉም ሳቀ። ንስሐ አባቴ ዳቦውን ከመባረካቸው በፊት «አባ፣ አንድ ቃል ልናገር» አልኩና ቆምኩ። በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ስለ ልጄ ተጨንቄ እንደ ነበር፣ ፍርድ ቤት ሄጄ መዝገብ እንዳስፈተሽሁ፣ ስሙ እንደሌለበት ነገርኳቸው። እመቤቴ ስለ ሰማችኝ ነው ይህ ዝክር አልኩ።

እልል የሚል ሰው ጠበቅሁ። አንዲቱ ብቻ ጀመረችና መሐል ላይ ተወችው።

«ደግሞ አባ» አልኩ፤ «በልጄ ስም የሚጠራ ሌላ ልጅ አለ። መዝገቡ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ለእሱም ለእናቱም ጸልዩልኝ።»

አባ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ቆሙ። ጸሎቱን ጀመሩ፣ ድምፃቸው ተቋረጠ፣ እንደገና ጀመሩ። እንባቸው ለማያውቋት እናት መሰለኝና በልቤ አከበርኳቸው። ጋሼ ከዚያ በኋላ አልቀለዱም። ዳቦውን ሁሉም እጁ ላይ ይዞ ቆየ። ልጅቷ ውኃ ላምጣ ብላ ወጥ ቤት ገባችና ቶሎ አልተመለሰችም። እኔ ግን «ብሉ እንጂ! ምነው? ጨው በዛበት?» እያልኩ እዞር ነበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ አንዲት ጓደኛዬ ሳትደውል መጣች። የዝክሩ ዕለት ዕቃ አጥባ የሄደችው እሷ ናት። ኮቷን ሳታወልቅ ከበሩ ላይ ቆመች።

«ተቀመጪ» አለችኝ፤ በገዛ ቤቴ።

«ቆሜ ልስማው።»

«እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ዳቦ ጉሮሮዬ ላይ ነው። ብትረግሚኝም እርገሚኝ።»

«ሞቷል?»

«አልሞተም! አልሞተም፣ የሞትን ስም ቄስ ይጥራው። ያስጸለይሽላት እናት ግን… ያቺ የሌላው ልጅ እናት አንቺ ነሽ።»

ግድግዳውን ያዝኩ።

«ቀኑ አይገጥምም ብላኛለች።»

«ጃንዋሪ አንድ ብለሽ ነው የጠየቅሻት?»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ብዙ መናገር አላስፈለጋትም። ልጄ ከተያዘ ሰባት ወር እንደ ሆነው፣ ሱቅ ሲዘርፉ ከተያዙት ሦስት ልጆች አንዱ እንደ ሆነ፣ ፋሲካ አልፎ ጾሙ ሲፈታ ጋሼና አባ መጥተው ሊነግሩኝ ቀን ቆርጠው እንደ ነበር ነገረችኝ።

«ማን ማን ያውቃል?»

«የማያውቅ የለም። አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ልጅቷስ?»

«ወንድሟ በእመቤታችን አስምሏታል» አለችኝ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጓደኛዬን ተቀምጣ አየቻትና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ማልቀስ ጀመረች።

«ኮል አድርጎ ነው የነገረኝ ማሚ። ከእስር ቤት። ለማሚ ብትነግሪ እኅቴ አይደለሽም አለኝ። አስማለኝ።»

«የቱን ልጻፍ ያልሽኝ ዕለት ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

«እውነተኛውን አልሽኝ። እኔ ምን ልበል? ደስ አለኝ። እንዳታገኚው ፈልጌ ነበር።» እጅጌዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። «ሶሪ ማሚ።»

መሐላ እንደማይፈርስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ምን ብዬ እቆጣታለሁ?

ረቡዕ ጠዋት ያንኑ መንገድ ሄድኩ። ተራ ቁጥር ያዝኩ። ያችው ጸሐፊ ነበረች፤ አወቀችኝ። በአዲስ ወረቀት ላይ ጃንዋሪ አንድ ተጽፏል። መታችና ተነሣች፣ መደርደሪያዎቹ መካከል ገብታ ቀጭን መዝገብ ይዛ መጣች። በመስኮቱ ሥር ገፋ አደረገችልኝ።

«እዚህ ሆነው ማየት ይችላሉ። መውሰድ ግን አይቻልም።»

ቀጭን መሆኑ ገረመኝ። ሰባት ወር ያጣሁት ልጅ ከጥቂት ቅጠል አይበልጥም። ስሙ በትልልቅ ፊደል ከላይ አለ፤ የባሌ ስም ተከትሎት። ከሥሩ ክሱ በታይፕ ተጽፏል። ከሌሎች ሁለት ጋር ሆኖ፣ ቢላ በማሳየት፣ ከሱቅ ዘረፈ ይላል። የባለ ሱቁ ስም አለ። ሽማግሌ ነው፤ ሲገፉት ወድቆ ትከሻው ተሰብሯል። ያን ስም ቀስ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በወረቀቴ ጀርባ ገለበጥኩት። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሣዋለሁ፤ በልጄ ስም ፊት።

ጀርባው ላይ በእጅ የተጻፈ ነበር። ማንበብ አቃተኝ።

«ይቅርታ፣ ይህን ያንብቡልኝ?»

ጸሐፊዋ ጎንበስ አለች። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ብዙ ነበር፤ አላቻኮለችኝም። እግዚአብሔር ይስጣት።

«በዋስ የመለቀቅ ጥያቄ የታየበት ቀን ነው» አለች። «እዚህ የተጻፈው… ቤተሰብ የለውም፣ ዋስ የለውም። ስለዚህ በእስር ይቆይ ብሏል ዳኛው።»

«ቤተሰብ የለውም ያለው ማን ነው?»

«ጠበቃው ለዳኛው ያቀረበው ነው። ልጁ ለጠበቃው የነገረው ይሆናል።»

ጣቷን ወደ ታች አወረደች። ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ ቀጠሮ። በየቀጠሮው አንድ መስመር። ከዚያ የመጨረሻው። ጥፋተኛ ነኝ ብሏል፤ ሦስት ዓመት።

«መቼ ነው ይህ?»

«ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ። ስምንት ቀኑ ነው።»

ዝክሩ እሑድ ነበር። በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። ዳቦው ገና አላለቀም ነበር።

«ባለፈው የመጣሁ ዕለት ይህ ቀጠሮ ተጽፎ ነበር?»

ቀኖቹን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ተጽፎ ነበር» አለች።

የሰፈራችን ጠበቃ በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ቋሚ ሥራና ቤት ያላት እናት ዋስ ልሁን ብላ ብትቀርብ ዳኛው ጉዳዩን እንደገና ሊያየው ይችል ነበር። ባይለቀው እንኳን በተፈረደበት ቀን ችሎቱ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ዞር ሲል ያየኝ ነበር። ቤተሰብ የለውም የሚለውን ቃል ተነሥቼ «አለው» እል ነበር። ችሎቱም ክፍት ነው፤ መዝገቡም ክፍት ነው። ከመንገድ የገባ ሰው፣ ብርድ ያስገባው ሰው እንኳ መቀመጥ ይችል ነበር።

ቤተሰብ የለኝም ያለው እኔን ሊሸፍን ይሁን፣ ወይስ በር ላይ ያልኩትን ቃል አምኖ፣ መዝገቡ አይናገርም።

መዝገቡን አጥፌ መለስኩላት። አመሰገንኳት። እጇን በመስኮቱ በኩል አውጥታ ጣቶቼን ነካች።

ማኅበርተኞቼን አልተቀየምኩም። አባ ቤቴ ድረስ መጥተው እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። «እውነቱን ተናገሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ እውነቱን የደበቅሁሽም እኔ ነኝ» አሉኝ። ይፍቱኝ አልኳቸው እንጂ ምን እላለሁ? ያፈቀሩኝ መስሏቸው ነው። ማፍቀራቸውም ነው። ጋሼ ግን ከዚያ በኋላ ዓይኔን ሳያዩ አረጁ።

ልጄ ደውላ ወንድሟ የተላከበትን አወቀች። ከከተማው ወደ ምሥራቅ፣ በሐይቁ ዳር፣ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት የሚወስድ ከተማ ነው። የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ ሄድኩ። ልከተልሽ ብትለኝ ፈተና አላት ብዬ ተውኳት። ስንቅ ያዝኩ፤ ዳቦ፣ የጾም ወጥ በዕቃ፣ ሁለት ብርቱካን።

እስር ቤቱ የድንጋይ ግንብ ነው። በር ላይ የቆመው ጠባቂ ዘንቢሌን አይቶ እጁን አወዛወዘ።

«ምግብ አንቀበልም። ይመልሱት።»

እዚያው ወደቅሁ። ሌላ ምንም አልሰማሁም።

ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ወንድሜ ታስሮ ነበር። እናቴ በየጠዋቱ ስንቅ ታደርስለታለች። ባዶ ምሳ ዕቃው ከተመለሰ በልቷል፣ በሕይወት አለ ማለት ነው። አንድ ጠዋት ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይቀበል በእጁ መለሳት። «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ያን ቀን እናቴ ከዚያ በር እስከ ቤታችን እየጮኸች ነው የመጣችው። መቃብሩን አላሳዩዋትም። የትም ቦታ ስሙ ተጽፎ አላገኘችም። የምትጠይቅበት መስኮት አልነበረም።

ስነቃ ጠባቂው ደረጃው ላይ አስቀምጦኝ ነበር። ውኃ ሰጠኝ።

«ልጄ ሞቷል?» አልኩት።

«ምን? ማነው የሞተ?»

ስሙን ነገርኩት። ልደቱንም፤ ጃንዋሪ አንድ አልኩ። ገብቶ ወጣ።

«አልሞተም እማማ። ደኅና ነው። ዛሬ ጠዋት ቁርስ በልቷል። ለሁሉም እስረኛ ነው ምግብ ከውጭ የማንቀበለው፤ ገባዎት?»

እጁን ሳምኩት። ደነገጠ።

«አሁን ልየው?»

ወደ ውስጥ አስገባኝና ሌላ ሰው ዝርዝር ገለበጠ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወረደ።

«ስምዎ የለም።»

«እናቱ ነኝ።»

«ይገባኛል። ጠያቂዎቹን የሚያስመዘግበው እስረኛው ነው። እሱ ካልጻፈ እኛ ማስገባት አንችልም።»

«ሌላ የጻፈው ሰው አለ?»

«ይህን ልነግርዎት አልችልም» አለ። ቀጥሎ ግን ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ የለም እንደማለት።

የልጄን ወንጀል ለማንበብ እናት መሆን አላስፈለገኝም ነበር። እዚህ እናት መሆን አልበቃም።

«ስሜን እንዴት ነው የሚጽፈው? ምን ላድርግ?»

«ደብዳቤ ይጻፉለት። ይጠይቁት።»

ከአጥሩ ውጭ አውቶቡስ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛ ነበር። እነሱ ገብተው አባታቸውን አይተው መውጣታቸው ነው። ዳቦውንና ብርቱካኑን ሰጠኋት። ልጆቹ ወዲያው በሉ። ሲበሉ አየሁና እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ስንቄ አልተመለሰም። ደግሞ የት እንደሚያድር አውቃለሁ። እናቴ ይህን ሳታውቅ ነው የሞተችው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቤት ስደርስ ደብዳቤ ጻፍኩ። በአማርኛ፣ በራሴ እጅ። በር ላይ ያልኩትን ቃል እንዲምረኝ ለመንኩት። ዋስህ ነኝ አልኩት፤ ዘግይቻለሁ ግን ዋስህ ነኝ። ስሜን እንዴት አድርጎ እንደሚያስመዘግብ እኅቱ በእንግሊዝኛ ከሥሩ ጻፈችለት።

መልስ አልመጣም። ሁለተኛ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ወር የዕረፍት ቀኔ ሲደርስ በጠዋት ተነሥቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ያው ጠባቂ ነበር፤ ከሩቅ አውቆኝ በሩን ከፈተልኝ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየልኝ። ስሜ አልነበረም።

አራት ጊዜ ሄድኩ፤ አራቱንም ጊዜ ስሜ አልነበረም።